የማስቲሽ ክፍሏ እትዬ መስኮት

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ተከትላችሁን የመጣችሁ ጎረቤቶች፤ እግዜር ያክብራችሁ። ንግግር አላውቅም። እጄ እንጂ አፌ ሥራ አልለመደም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዛሬ ከምንሸኛት ከእትዬ ጎን ተቀምጬ የጫማ ሶል ስለጥፍ የኖርኩ ሴት ነኝ። እሷ ግራውን፣ እኔ ቀኙን። ተኳርፈን በዋልንበት ቀን እንኳ ጫማው ጥንድ ሆኖ ነበር የሚወጣው።

ክፍላችንን የማታውቁት አላችሁ። ልንገራችሁ። አሥራ ስምንት ጠረጴዛ። በየጠረጴዛው አንድ ጣሳ ማስቲሽ። አንድ በር። አንድ መስኮት። መስኮቱ በሚስማር ተመትቷል። ለምን? አቧራ ገብቶ ቆዳው ላይ እንዳያርፍ። ለጫማው ታስቦለት ነው። ለእኛስ ማን አሰበ?

እትዬ አሰበች። ጠዋት ገና ሻርፗን ሳትፈታ ፎርማናችንን፣ “ጋሼ፣ ይቺ መስኮት ዛሬም አልተከፈተችም?” ትላለች። “እትዬ፣ ሥራሽን ሥሪ” ይሏታል። በነጋታው እንደገና። በሳምንቱ እንደገና። በመጨረሻ “እትዬ መስኮት” የሚል ስም ወጣላት። ሳቅን። እውነቱን ልናገር፤ ከሁሉም አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

ከሥራ ስንወጣ ራሳችንን ሲወቅረን ምን እንል ነበር? ድካም ነው። ምግብ አልበላ ሲለን? ፀሐይ ነው። ዓይናችን ሲያለቅስ? ዕድሜ ነው። ሁሉን ነገር ስም ሰጠነው፤ የራሱን ስም ብቻ ነፈግነው።

አንድ ቀን ትልቅ ፌስታል ተሸክማ መጣች። “ምነው እትዬ፣ ሱቅ ልትከፍቺ ነው?” አልኳት። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ክዳን! ከወተት ጣሳ ቆርጣ፣ እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙን አጥፋ፣ ለብሩሹ መሐሉን በስታ፣ አሥራ ስምንት ክዳን ሠርታለች። “ቀኑን ሙሉ አፉን ከፍቶ ሲተፋብን ለምን ዝም እንለዋለን? አፉን እናስይዘው” አለች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከኋላችን የምትቀመጠው ልጅ፣ “ዛሬ ራሴን አላመመኝም” ብላ ጮኸች። አያችሁ? የተጣለ ቆርቆሮ ነው እኮ!

ከዚያ ማመልከቻ ጻፈች። መስኮቱ ይከፈት። አየር የሚያወጣ ማራገቢያ ይገጠም። ጓንት ይሰጠን። በውሃ የሚሠራ ማስቲሽ አለ ይባላልና ይሞከር። አራት መስመር ብቻ። ፈርሚ ስትለኝ ብዕሩን አነሳሁ። መልሼ አስቀመጥኩት። “እትዬ፣ ሦስት ልጆች አሉኝ” አልኳት። አልተቆጣችኝም። “አውቃለሁ፤ እኔም አንድ አለችኝ” አለችና ብቻዋን ፈረመች። ወረቀቱ ቢሮ ገባ። ቢሮ በላው። በዓመቱ ማራገቢያ መጣ፤ እልል ልንል ስንል ለካ ለአዲሱ ማሽን ነው። እንዳይግል።

ከዚያ እትዬ ትደክም ጀመር። ምንም ሳይነካት ክንዷ ይበልዛል። ሐኪም ቤት አብሬያት ገባሁ። ሐኪሟ የደሟን ውጤት አይታ፣ “ሥራሽ ምንድን ነው?” አለቻት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቋት አያውቅም። ነገረቻት። ሐኪሟም፣ “አንዳንድ ማስቲሽና ቲነር ትነቱ ለዓመታት ሲተነፈስ የደም ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። ያንቺ ከዚያ ነው ብዬ መማል አልችልም። የቀሩትን ግን ከአሁኑ መጠበቅ ይቻላል” አለቻት።

እትዬ ወደ እኔ ዞረች። “ሰማሽ? የቀሩት የተባልሽው አንቺ ነሽ” አለችኝ።

ሰማሁ። በነጋታው ግን ገባሁ። ተቀመጥኩ። ብሩሹን ነከርኩ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? በሩ አልተቆለፈም፤ ማንም እግሬን አላሰረኝም። ግን ወዴት ልውጣ? ሌላ ሙያ የለኝም። ማዶ ያለው ፋብሪካም ያው ማስቲሽ፣ ያው ግድግዳ ነው። ልጆቼን የማበላበት እጅና የሚገድለኝ አየር አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው።

ከማረፏ ሦስት ቀን በፊት እጄን ጨብጣ፣ “ልጄን እዚያ ክፍል እንዳታስገቢያት” አለችኝ። በሽታው እያስቃዣት መሰለኝ። ትናንት ገባኝ። ትናንት ፎርማናችን ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው፣ በክፋት አይደለም፣ በደግነት ነው፣ “ልጅቷ ሜዳ ላይ አትቅር። የእናቷን ቦታ ይዘንላታል። ሰኞ ይዘሻት ነይ” አሉኝ።

ጋሼ፣ እዚያ ቆመው አይዎታለሁ። ስላሰቡላት እግዜር ይስጥልን። እርስዎም ከእኛው ጋር ሲተነፍሱት የኖሩ ነዎት፤ ሳልዎን እሰማዋለሁ። ግን ይዣት አልመጣም።

እትዬ፣ አልዋሽሽም። እኔ ሰኞ ሁለት ሰዓት እገባለሁ። መሄጃ የለኝም። ልጅሽ ግን አጠገቤ ቆማለች፤ ክንዴን ይዛኛለች፤ እሷ አትገባም። ይህን ቃል ሰው ሁሉ እየሰማ የምሰጥሽ ብቻዬን ስሆን እንደምፈራ ስለማውቅ ነው። ደህና ሁኚ፣ እትዬ።