«በአማርኛ ብቻ» ያልሽው ሕግሽ

…አይደለም፣ ስሚኝ እንጂ ዓለም። አንቺ ደግሞ ሐዋሳ ቁጭ ብለሽ በስልክ ሰው መውቀስ ትወጃለሽ። ትልቅ እህቴ ነሽ፣ እሺ፣ ግን ስሚኝ። «ልጅቷን ቤት ውስጥ የሚያስጠናት የለም፣ አንተ ደክመህ ነው የምትገባው፣ ሚስትህም አልተማረችም፣ ቅዳሜ አምጣትና እኔ ጋ ትማር»፣ ይኸው አይደል ያልሽው? እሺ። እኔ አሁን ላንቴ ነኝ፣ ሙዙን ከምረን አይሱዙ እየጠበቅን ነው። መኪናው እስኪመጣ ሁሉንም ልንገርሽና ከዚያ ፍረጂ።

በእኛ ጊዜ ማን ለልጅ ቤት ቁጭ ብሎ ያስነብብ ነበር? አትሳቂ፣ እኔም እኮ ልጅ ወልጃለሁ፣ «በእኛ ጊዜ» የምለው ጊዜ አለኝ። በእኛ ጊዜ አባታችን ደብተራችንን ከፍቶ ያውቃል? አያውቅም። «ትምህርት ቤት ሄድክ?» ሄድኩ። «በቃ፣ ከብቶቹን አስገባ።» እኔም አራተኛ ክፍል ላይ አቆምኩ፣ ምነው ያለኝ ሰው የለም። አሁን ግን ገና አንደኛ ክፍል የገባች ልጅ፣ የፊት ጥርሷ ወልቆ ያልበቀለ ልጅ፣ አባት ይጠራል፣ እናት ትጠራለች፣ አንቺም ከሐዋሳ ትደውያለሽ።

ታዲያ ማን ነው እዚህ ያደረሰን? አንቺ ነሽ። አዎ፣ አንቺ። ለዘመድ ሰርግ የመጣሽ ጊዜ ልጄ ምህረት ገና አፏን እየፈታች ነበር፣ ከእናቷ ጋር በጋሞኛ ስትንጫጫ ሰማሽና ምን አልሽ? «ውይ፣ ይቺ ልጅ ልትቸገር ነው። እኛ የተሰቃየነው አይበቃም? ከዛሬ ጀምሮ በአማርኛ ብቻ አናግሯት።» እኔም እውነት መሰለኝ፤ ምክንያቱም ታስታውሺያለሽ፣ ያ አስተማሪያችን ሲያወራ እኛ ከንፈሩን ነበር የምናየው። ምን እንዳለ አናውቅም፣ ሲስቅ እንስቃለን፣ ሲቆጣ ዝም እንላለን። እና ልጄ እንደዚያ እንዳትሆን ብዬ ሕግሽን አወጅኩ። ከሲቀላ ገበያ የፊደል ገበታ ገዝቼ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ሀ ሁ ሂ ስትል ሰፈሩ ያጨበጭባል።

እሺ፣ ሕጉ ወጣ። ማን ነው የሚያከብረው? የሚስቴን የማርታን አማርኛ ታውቂዋለሽ፣ የገበያ አማርኛ ነው፣ «በስንት ነው፣ ቀንሽ፣ አይሆንም»፣ ከዚያ ያልቃል። አማቴ ደግሞ ከደጋ ወርደው እኛ ጋ ነው የሚኖሩት፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር የሰው ሙዝ ከዝንጀሮ ይጠብቃሉ፣ ወሬ የሚወዱ ሰውዬ ናቸው፣ ግን አማርኛ የላቸውም። ታዲያ ማታ ገብተው ልጅቷን እያዩ ዝም።

«ምን ልበላት?» ይሉኛል በጋሞኛ።

«አባባ፣ በአማርኛ ነው።»

«አላውቅማ።»

«የሚያውቁትን ይበሏት።»

እና የሚያውቁትን አሏት። «ና። ብላ። ተቀመጥ። ተው። ተኛ።» እንደ ወንድ ነው የሚያናግሯት፣ እሷም ምን ታድርግ፣ ትመጣለች፣ ትበላለች፣ ትተኛለች። ቤቱ ጸጥ አለ። እኛ ጨዋ ልጅ አሳደግን ብለን ደስ ብሎናል፣ ይገርምሻል፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ እንኳን «እንዴት ያለች ዝምተኛ ልጅ» እያሉ ያመሰግኑናል።

ታዲያ ትምህርት ቤት አስገባናት። ስናስገባት ትምህርቱ በምንድን ነው? በጋሞኛ። ተቃጠልኩልሽ። መጽሐፉ በጋሞኛ፣ ያውም ፊደሉ ላቲን፣ ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩት ሌላ፣ እዚያ ያለው ሌላ። እኛን በጋሞኛ አወራችሁ ብለው ይገርፉን አልነበር? አሁን ደግሞ ለምን ጋሞኛ አላስተማራችኋትም ብለው ይጠሩኛል። ሰው ምን ያድርግ? በየትኛው በር ይግባ?

አዎ፣ ጠሩኝ። ቲቸሯ ወጣት ናት፣ የእኛው አገር ልጅ። ጭነት ላይ ነበርኩ፣ ከነላቤ ሄድኩ። ምህረትን አጠገቧ አቁማ መጽሐፍ ከፈተች፤ ሥዕል ነው፣ ልጅ አለ፣ ውሻ አለ፣ እናትየዋ እንጨት ተሸክማ ትመጣለች። «ምን ታያለሽ?» አለቻት በጋሞኛ። ዝም። እኔ እኮ ልቤ፣ «ተናገሪ እንጂ» ሊላት ምንም አልቀረው። ቲቸሯ ወደ አማርኛ ዞረች። «እሺ፣ በአማርኛ ንገሪኝ። ልጁ ውሻውን ምን ይለዋል?»

«ና» አለች።

«ጎበዝ። እናትየዋስ ልጁን ምን ትለዋለች?»

«ብላ። ተው። ተኛ።»

«ከዚያስ? ከዚያ በኋላ ምን ሆኑ?»

ጫማዋን ታያለች።

ቲቸሯ ወደ ውጭ ላከቻትና ወደ እኔ ዞረች። «የምህረት አባት፣ ቤት ውስጥ ምንድን ነው የምታወሯት?»

«አማርኛ» አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ።

«አማርኛ መሆኑንማ ሰማሁ። ምን ብላችሁ ነው የምታወሯት?»

ምን ልበላት፣ ዓለም? እኔስ ብሆን፣ የእኔ አማርኛ ከየት የመጣ ነው? ከመኪና ላይ። ጫን፣ አውርድ፣ ያዝ፣ ቶሎ በል። ከዚህ ውጪ ልጅ የምታወሪበት ነገር ማን ሰጠኝ?

ቲቸሯ ግን አልሰደበችኝም። «ፊደሉን እኔ አስተምራታለሁ» አለች፣ «ግን የምታነበው ነገር ምን እንደሆነ በጆሮዋ ሰምታው ካላወቀች ፊደል ብቻ ነው የምትቆጥረው። አያቷ ማታ ማታ በራሳቸው ቋንቋ ያውሩላት። መሃል ላይ ያቁሙና ‹ከዚያ ምን የሆነ ይመስልሻል?› ይበሏት። በማግስቱ እሷ ታውራላችሁ። መጽሐፉንም ይዛ ትመጣለች፣ ቃሉ ላይ ጣቷን እያደረገች ታንብብልህ።»

«እኔ እኮ ላቲኑን አላነበውም።»

«ስማት።»

«ብትሳሳትስ?»

«ስማት አልኩህ፣ እኔ አርማታለሁ።»

ይኸው፣ ሥራ ተጨመረልኝ። ቀን ሙዝ፣ ማታ ትምህርት።

ለአማቴ ሕጉ ተነሳ ስላቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ቀድሞስ ማን ነው ያወጣው?» አሁንም አንቺን አልጠራሁም፣ ሸፈንኩሽ። እና ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ ዝንጀሮ አለ፣ እውነተኛ ነው፣ ኩልፎ ዳር ይታገላቸዋል፣ የእሱን ወሬ ጀመሩላት። እሷ ግን አፏን ከፍታ ታያቸዋለች እንጂ ቃል አትወጣም። ይኼ ሰውዬ እንዲህ ማውራት ይችላል እንዴ የምትል ነው የምትመስለው። ዛሬም ዝም፣ ነገም ዝም። ማርታ ማልቀስ ጀመረች፣ «ልጄን ዲዳ አደረጋችኋት» እያለች። እኔም በቃ ተስፋ ቆረጥኩ፣ አንቺ ስትደውዪ እሺ አመጣታለሁ ያልኩሽ ያን ጊዜ ነው።

ታዲያ አንድ ማታ አማቴ ዝንጀሮውን አጥሩ ላይ አድርሰው አቆሙት። «ሙዙን ይዞ ሮጦ ነበር፣ ግን ተመልሶ መጣ። ለምን ተመለሰ?» ብለው ዝም አሉ። ከዚያ ከጥግ፣ በጋሞኛ፣ ቀጭን ድምፅ፦

«ሚስቱ መልሳ ላከችው። ያልበሰለ ነው ያመጣኸው ብላ።»

አማቴ እስኪያስላቸው ሳቁ። ማርታ «እኔን ነው የተናገረችው» ብላ ልትቆጣ ስትል እሷም ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። እውነቴን ነው፣ ሰላም የለኝም። ትከሻዬ ሞቶ እገባለሁ፣ እግሬን ሳልታጠብ መጽሐፏን ይዛ ጭኔ ላይ ናት። ጣቷን ቃሉ ላይ ታስቀምጥና «አባዬ፣ ስማ» ትላለች። እሰማለሁ። ዓይኔ ሲከደን አገጬን ትይዝና «አባዬ፣ ከዚያ ምን ሆነ?» ትለኛለች። እኔን ትፈትነኛለች። አላወቅኩም ካልኩ ከመጀመሪያው። ሲቀላ ይዣት ከሄድኩማ አለቀልኝ፣ ባጃጅ ላይ የተጻፈ፣ ግድግዳ ላይ የተጻፈ፣ የስኳር ጆንያ ላይ የተጻፈ፣ ሁሉም ጋ ትቆማለች። የፊደል ገበታውንም ላውርደው ስላት እምቢ አለች፣ ይቺ ከዚያኛው ጋር አንድ ድምፅ ናት እያለች ከላቲኑ ጋር ታስተያያለች። ባለፈው ከመጽሐፏ ላይ ሙዝ የሚለውን አነበበችልኝ። ይኼን ያህል ዘመን የተሸከምኩትን ነገር በእኛ ቋንቋ ተጽፎ ያየሁት ያን ማታ ነው።

ምን? አይ፣ አልዋሽሽም፣ ገና ናት። ከጓደኞቿ ወደ ኋላ ናት፣ ቲቸሯም ትለኛለች። አጭር አጭሩን ነው የምታነበው፣ ረዘም ሲል ትገምታለች። እሱን ነው የምልሽ። አሁን ወስደሽ ሌላ ቤት፣ ሌላ ቋንቋ፣ አንቺ ቢሮ ልጆችሽ ቲቪ ላይ፣ ከማን ጋር ታወራለች? ገና አሁን የተከፈተ አፍ ይዘጋል፣ ዓለም። ያን ዝምታ አላየሽውም፣ እኔ ነኝ ያየሁት።

አማርኛውንስ ማን ያስተምራታል ትያለሽ? ሲቀላ መነኸሪያ ትቁም፣ የባጃጅ ልጆች ከነስድቡ ያስተምሯታል። ይኸው ሳቅሽ። ዩኒፎርም አሰፍቼላታለሁ ነው ያልሽው? ውይ። እሱ ያሳዝናል። ለትንሿ ልጅሽ አሳጥሪው እንግዲህ፣ ምን ላድርግ።

ቆይ፣ መኪናው መጣ፣ ሰውዬው እየጠራኝ ነው። መጣሁ፣ መጣሁ በሉት። ስሚ፣ አላመጣትም። ቅዳሜ መነኸሪያ ሄደሽ እንዳትጠብቂን። ከናፈቀችሽ አንቺ ነይ፣ ማታ ከአማቴ አጠገብ ቁጭ ብለሽ ትሰሚያለሽ። ምን አልሽ? ጋሞኛው ጠፍቶብኛል? ግድ የለም፣ ያልገባሽን ምህረት ትነግርሻለች። በይ ልዝጋው፣ መጫን ጀምረዋል።