ከማራቶኑ ገመድ ወዲያ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ሺዙዮ ሃማናካ
ዕድሜ፦ 58
ሥራ፦ ዓሣ ማድረቅ
አድራሻ፦ ኦኪ ደሴት፣ የወደብ ሰፈር
ቃል የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ ኦካያማ ከተማ፣ የወንዝ ዳር ፖሊስ ጣቢያ፣ እሑድ ጥቅምት 18 ቀን 1998 እ.ኤ.አ.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን ኖቡኦ ሃያሚ

ዛሬ በዚህ ከተማ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የአትሌቲክስ ሻምፒዮና፣ በሴቶች ማራቶን ውድድር ላይ፣ አቶ ታኬዞ ኦኩኖ የተባሉ የመንገድ አስተባባሪ ወድቀው እጃቸው ተሰብሯል። ገፍትራ የጣለቻቸው ወ/ሮ ቶሚኤ ኩራሺማ ናት ተብሎ ስለቀረበው ክስ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ በፈቃዴ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ።

ወ/ሮ ቶሚኤ የሟች ወንድሜ ሚስት ናት። ዝምድናችን ቃሌን ያዛባው እንደሆነ ተጠይቄ፣ ያየሁትን ብቻ እንደምናገር አስረድቻለሁ። ወንድሜ ጀልባው ተገልብጦ ባሕር ላይ ሲቀር ልጃቸው ናጊሳ ገና አፏን እየፈታች ነበር። ቶሚኤ ሌላ ባል አላገባችም። ከእኔ ጋር ዓሣ እያደረቀች አሳደገቻት። ናጊሳ ከልጅነቷ ጀምሮ ሩጫ ትወድ ስለነበር፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ ዋናው ምድር ላይ ያለ ሯጮችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት እንድትገባ ጠየቃት፤ እናቷም ፈቀደች። በእኛ ደሴት ሰው ሲሸኝ ባለ ቀለም የወረቀት ጥቅል አንዱን ጫፍ ተጓዡ ከመርከቡ ላይ፣ ሌላውን ሸኚው ከወደቡ ላይ ይይዛል፤ መርከቡ ሲርቅ ወረቀቱ ይበጠሳል። የዚያን ቀን ሰው ሁሉ ተበትኖ ቶሚኤ የተበጠሰውን ወረቀት በእጇ እንደጠቀለለች ወደቡ ላይ ቆማ ነበር። ጎትቼ ነው ወደ ቤት የወሰድኳት።

ናጊሳ ከትምህርት ቤቱ ወደ አንድ ድርጅት ቡድን፣ ከዚያም ወደ ብሔራዊ ቡድን ገባች። እነሆ አሁን ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው። አዲስ ዓመትን እንኳ የምታሳልፈው ልምምድ ላይ ነው። ስልክ ትደውላለች፤ ሆኖም ሁለቱም ብዙ አይናገሩም። እናት "በልተሻል?" ትላለች፣ ልጅ "በልቻለሁ፤ አንቺስ?" ትላለች፣ ከዚያ ሁለቱም የስልኩን ሽውታ ያዳምጣሉ። ቶሚኤ በዚህ መጽናናት ሲያቅታት ብሔራዊ ቡድኑን መከተል ጀመረች። ቡድኑ በተወዳደረበት ከተማ ሁሉ፣ አንድ ጊዜም ባሕር ተሻግራ ሴኡል ድረስ ሄዳ፣ ከመንገድ ዳር ቆማለች። ሯጭ ቆሞ አያወራም። ልጅቷን የምታያት ዓይን እስኪርገበገብ ነው። ከዚያ ተመልሳ ያንኑ ለወራት ትነግረኛለች፤ ፀጉሯን አሳጥራለች፣ ቀኝ ክንዷን ወደ ጎን ትወረውራለች፣ ከስታለች እያለች።

ለዛሬው ውድድር ሃያ የምንሆን የደሴቱ ሰዎች ቅዳሜ በመርከብ ተሻግረን፣ ከወደቡ በተከራየነው አውቶቡስ መጣን። መሪያችን የዓሣ ጀልባ ባለቤት የሆኑት አዛውንት አቶ ሳኪቺ ነበሩ። አውቶቡሱ ውስጥ ቶሚኤን ሲተርቧት "ዛሬ ያንን ፎጣ ለእኔ ስጪኝ። ባለፈው በእሱ ፊትሽን ሸፍነሽ ስትነፋረቂ ልጅቷ ሽው ብላ አለፈችሽ። ይሄን ሁሉ ባሕር የምትሻገሪው ፎጣ ልታዪ ነው?" አሏት። እሷም "እርስዎስ ቢሆኑ የኮሪያዋን ሯጭ 'ናጊሳ በርቺ' እያሉ አይደል ድምፅዎ የተዘጋው?" ብላ መለሰችላቸው። ሁላችንም ሳቅን። ይህን የምናገረው ወደዚህ ስንመጣ በማንም ላይ ቂም ወይም ንዴት እንዳልነበራት እንዲታወቅ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቶሚኤና እኔ የደረቀ ዓሣ ይዘን ቡድኑ ወዳረፈበት ሆቴል ሄድን። አሰልጣኙ በር ላይ ወጥተው በአክብሮት እጅ ነሡን፤ ዕቃውንም ተቀበሉ። በማግስቱ የት እንደምንቆም ሲጠይቁንም ከወንዙ ድልድይ አጠገብ አልናቸው። ከውድድሩ በፊት ቤተሰብ እንዲገባ እንደማይፈቀድ ነግረውን ይቅርታ ጠየቁ። ቶሚኤ አልተከራከረችም። መንገዱን ተሻግራ ግን የሆቴሉን መስኮቶች አንድ በአንድ ስታይ ቆየች። "የትኛው ይሆን?" አለችኝ። "እንዴት አውቃለሁ?" አልኳት። ሰማዩ ዳመና እስኪለብስ እዚያው ቆምን።

ዛሬ ጠዋት ውድድሩ ሦስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። እኛ የቆምነው አሳሂ ወንዝ ላይ ካለው ድልድይ መግቢያ፣ የሩጫው ሠላሳኛ ኪሎ ሜትር ካለፈ በኋላ ባለው ቦታ ነው። የናጊሳ ስም የተጻፈበትን ጨርቅ አንዱን ጫፍ አቶ ሳኪቺ፣ ሌላውን እኔ ያዝን። ቶሚኤ ከመሐል፣ ተመልካቹን ከመንገዱ ከሚለየው ገመድ ጋር ተጠግታ ቆማ ነበር። አቶ ኦኩኖ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው ከገመዱ ወዲያ፣ ከፊታችን ነበሩ። ሰላም ብለውን ከየት እንደመጣን ጠይቀውናል፤ የሯጯ እናት ይህች ናት ስንላቸውም ቆባቸውን አንስተው ሰላምታ ሰጥተዋታል።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል መሪዎቹ አለፉ። ናጊሳ ከመካከላቸው አልነበረችም። ቀጥሎ ሌሎቹ ሁለት የእኛ ሀገር ሯጮች ለየብቻ አለፉ። አቶ ሳኪቺ "ትመጣለች፣ ትመጣለች" ይሉ ነበር። ሰው ሳስቶ ከወንዙ ማዶ የሚጮኸው ብቻ ሲሰማ ናጊሳ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። አትሮጥም፤ ግራ እጇን ዳሌዋ ላይ አድርጋ እያነከሰች ትራመዳለች። ስሟ የተጻፈበትን ጨርቅ ስታይ ቆመች። ቀጥሎም ከእኛ ጥቂት እርምጃ ርቃ አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች።

ቶሚኤ ገመዱን በእጇ ዝቅ አድርጋ ተሻገረች። መሻገሯ ሕግ መጣስ እንደሆነ ይታወቅ እንደነበር ተጠይቄ፣ አዎ፣ ሁላችንም እናውቃለን ብያለሁ። ዘመዴ ስለሆነች ይህን አልደብቅም። አቶ ኦኩኖ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ከፊቷ ቆሙ። "እትዬ፣ ይመለሱ። ከነኳት ይሰርዟታል፤ ልፋቷ ከንቱ ይቀራል" አሏት። ቶሚኤ ወዲያው ሁለት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ አንዱን በአንዱ ያዘች። "አልነካትም። እጄን ይዩት። ድምፄን ብቻ ትስማ" አለቻቸው። አቶ ኦኩኖ አይተዋት እጃቸውን አወረዱ።

በዚህ ጊዜ አንድ ሞተር ሳይክል ከናጊሳ ኋላ መጣ። አቶ ኦኩኖ ዞረው ቀስ በል የሚል ምልክት እየሰጡት ወደ ገመዱ ሲያፈገፍጉ፣ ቶሚኤ ስትሻገር የረገበው ገመድ ተረከዛቸውን ያዛቸውና በግራ እጃቸው ላይ ወደቁ። ቶሚኤ ያኔ ወደ ልጇ አልፋ ከእሳቸው ርቃ ነበር፤ እጇም ከኋላዋ እንደተጣመረ ነው። አልገፋቻቸውም። ገመዱ የረገበው በእሷ ምክንያት ነው ከተባለ እውነት ነው። ገፋች የሚባለው ግን ውሸት ነው። የውድድሩ ኃላፊ በመኪና ሲመጡ ከሩቅ ያዩት እሳቸው ወድቀው እሷ ከአጠገባቸው ስትቆም ነው። ከአጠገባቸው የቆመችው ደግሞ ልታያቸው ስለተመለሰች ነው። አቶ ኦኩኖ ሕመሙ ፊታቸውን እያጨማተረው "እኔን ይተዉኝ። ወደ ልጅዎ ይሂዱ" ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያ በኋላ በእናትና በልጅ መካከል ስለተነገረው ተጠይቄ የሚከተለውን ተናግሬያለሁ። ጨርቁን ጥዬ ወደ ገመዱ ስለተጠጋሁ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

ናጊሳ ቀና ብላ "እማዬ፣ ያዥኝ" አለች።

ቶሚኤ "ከያዝኩሽ ያልቃል" አለቻት።

"እንዲያልቅ እኮ ነው የምልሽ። ዳሌዬ ከጀመርን ጀምሮ እየወጋኝ ነው። እዚህ ድረስ የመጣሁት አንቺ ከወንዙ አጠገብ እንደምትቆሚ አሰልጣኙ ስለነገሩኝ ነው።"

ከኋላዋ ስለነበርኩ እጆቿን አያቸው ነበር፤ ጥፍሯ የገዛ አንጓዋን ሥጋ ሰርስሮት ነበር። ያንን እጅ አውቀዋለሁ። ዓሣ ስትዘረጋ ድንገት ሥራዋን አቁማ የልጅ ራስ እንደምትደባብስ አየሩን ስትዳብስ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ፤ ያየኋት እንዳይመስላት ዞር እላለሁ። አሁን ልጅቷ እግሯ ሥር ተቀምጣ ያዥኝ እያለቻት አልያዘቻትም።

"ስሚኝ ልጄ" አለቻት። "እኔማ ልያዝሽ ብል ደስታዬ ነው። ግን ነገ ተነስተሽ 'ባትይዘኝ ኖሮ ተነስቼ እሮጥ ነበር' ብለሽ እንድታዝኚ አልፈልግም። መሄድ ከፈለግሽ ሂጂ፤ እስክትሰወሪ እዚህ ቆሜ አይሻለሁ። መቅረት ከፈለግሽ ግን ራስሽ ተነሺና ነይ።"

ናጊሳ "ብቀር ታፍሪብኛለሽ?" ብላ ጠየቀች።

"ማንን አውቄ ነው የማፍረው?" አለቻት። "እኔ የማውቀው ስታልፊ ጀርባሽን ነው።"

ናጊሳ ይህን ስትሰማ እያለቀሰች ሳቀች። በእጇ መሬቱን ተደግፋ ተነሳች። መጀመሪያ ወደ ድልድዩ ዞራ አየች። እኛ ወገኖቿ ሁላችን እዚያው ነበርን፤ ነገር ግን በርቺ ብሎ የጮኸ ሰው አልነበረም። ከዚያ ዞረች። እያነከሰች ወደ እናቷ መጥታ ግንባሯን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። ቶሚኤ እንደ ግንድ ደርቃ ቆመች፤ እጇን ከኋላዋ አላነሳችም። አንገቷን ብቻ አዙራ አስፋልቱ ላይ የተቀመጡትን አቶ ኦኩኖን "አሁንስ ይፈቀዳል?" ብላ ጠየቀቻቸው።

አቶ ኦኩኖ የተሰበረ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው "አሁንማ ይያዟት፣ እትዬ" አሏትና ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ።

ቶሚኤ ያኔ ያዘቻት።

ከዚያም ናጊሳ የደረት ቁጥሯን ፈትታ ለደረሱት ኃላፊ ሰጠች፤ ወደ አቶ ኦኩኖ ሄዳም ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀቻቸው። አቶ ሳኪቺ ጨርቁን ካጣጠፉ በኋላ "እንግዲህ ይቺን ልጅ ምግብ ስጧት" ብለው ስንቃችንን ፈቱ። ናጊሳ ከመንገዱ ጠርዝ ተቀምጣ የተድበለበለውን ሩዝ በሁለት እጇ ይዛ ስትበላ ቶሚኤ አጠገቧ ተንበርክካ ታያት ነበር። ኃላፊው ፖሊስ የጠሩት በዚህ መሐል ነው። ናጊሳን ውድድሩን ያቋረጡትን በሚሰበስበው መኪና ወሰዷት፤ ቶሚኤን ወደዚህ አመጧት። መኪናው ሲሄድ ቶሚኤ እጇን አላውለበለበችም። ስለ ራሷ ክስ አንድም ነገር አልጠየቀችም፤ "ዳሌዋን የት ነው የሚያሳዩላት?" ስትል ብቻ ነው የሰማኋት።

ቃሌን እየሰጠሁ ሳለ ሁለት ነገር ስለተነገረኝ ተጽፏል። አንደኛው፣ አቶ ኦኩኖ ከታከሙበት ክሊኒክ ሆነው ማንም እንዳልገፋቸውና ክስ እንደማይፈልጉ አስታውቀዋል። ሁለተኛው፣ የቡድኑ አሰልጣኝ ስልክ ደውለው፣ የናጊሳ የዳሌ አጥንት መሰንጠቁ በራጅ መታየቱን፣ መጪዎቹን የብርድ ወራት ሳትሮጥ እንድታርፍ መታዘዙን፣ እሷም ዕረፍቱን ደሴቱ ላይ በእናቷ ቤት ማሳለፍ እንደምትፈልግ ተናግረዋል። ይህ ለቶሚኤ ሲነገራት "መርከቡ ላይ ስትወጣ አምናለሁ" እንዳለች መርማሪው ነግረውኛል።

የምጨምረው እንዳለ ተጠይቄ አለ ብያለሁ። ወደዚህ ክፍል ከመግባቴ በፊት በኮሪደሩ አግዳሚ ላይ አብረን ተቀምጠን ሳለ ቶሚኤ ክንዴን ያዘችኝ። "ሺዙዮ፣ አንቺ ከኋላዬ ነበርሽ። እኔ ነኝ የጎተትኳት ወይስ ራሷ መጣች?" አለችኝ። "ራሷ መጣች" አልኳት። "ዓይኔ ፈዝዞ ነበር፤ በደንብ አይተሻል?" አለችኝ። "አይቻለሁ" አልኳት። "እንግዲያው እሱን አስጽፊልኝ" አለችኝ። መርማሪው ይህ ከክሱ ጋር እንደማይገናኝ ገልጸውልኝ ነበር፤ እንዲጻፍልኝ ደግሜ ስለጠየቅሁ ግን ፈቅደዋል። ስለዚህ ልጅቷ ወደ እናቷ የመጣችው ማንም ሳይጎትታት፣ በገዛ እግሯ መሆኑን በዓይኔ አይቼ መስክሬያለሁ።

ይህ ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ። ማንንም ለመጥቀም ያልጨመርኩበት፣ ማንንም ለመጉዳት ያላጎደልኩበት የራሴ ቃል ነው። በፊርማ ፈንታ የምጠቀምበትን የስም ማኅተሜን ቤት ትቼ ስለመጣሁ በአውራ ጣቴ አሻራ አጽንቼዋለሁ።

የምስክር አሻራ፦ ሺዙዮ ሃማናካ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ምክትል ሳጅን ኖቡኦ ሃያሚ