የአቶ ስምዖን ሦስተኛ ቀን

ቡራዩ የሄድኩት ለቅሶ ልደርስ ነበር። ሱሉልታ ለሚኖር ሰው ቡራዩ ቅርብ ትመስላለች እንጂ አዲስ አበባ ገብቶ፣ ታክሲ ቀያይሮ፣ እንደገና መውጣት ነው። ለቅሶዬን ደርሼ ወደ ታክሲ ተራው ስመለስ፣ ዳር ካለች አግዳሚ ወንበር ላይ አንድ ሰው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሰማያዊ የጥበቃ ልብስ ለብሰዋል፤ ጫማቸው ተወልውሏል፤ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ጠጋ ብዬ ሳይ ጎረቤቴ አቶ ስምዖን ናቸው።

አቶ ስምዖን የሚጠብቁት መጋዘን ያለው እዚያው ሱሉልታ ነው። ጠዋት በር ላይ ተገናኝተን ወዴት ነው ስላቸው፣ ተረኛ ነኝ ብለውኝ ነው የወጡት። እኝህ ሰው ከቤት በወጡ ቁጥር ተረኛ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ "ምስኪን፣ እረፍት የሚባል አልፈጠረባቸውም" ይላቸዋል። እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ ከክፍል የጠፋ ተማሪ አይቼ ማለፍ አልችልበትም። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"አቶ ስምዖን፣ መጋዘኑን ወደ ቡራዩ አዛወሩት እንዴ?" አልኳቸው።

ደነገጡ። ቆባቸውን አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት። ሊዋሹኝ እንደነበር ፊታቸው ላይ አይቻለሁ፤ ግን እንዲህ ድንገት ለተያዘ ሰው ውሸት ቶሎ አይመጣም።

"አንዱን ቀን ሃያ አራት ሰዓት እሠራለሁ" አሉ በመጨረሻ። "ሁለተኛውን ቀን እተኛለሁ። ሦስተኛውን ግን ምን ላድርገው? ብዙነሽ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ዝም ይላል።"

ባለቤታቸው ብዙነሽ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏል። ለካ በእነዚህ ሁለት ዓመታት እኝህ ሰው በየሦስተኛው ቀን ያንን የደንብ ልብስ ለብሰው፣ አንዴ ቡራዩ፣ አንዴ ሰበታ እየሄዱ፣ የሚያውቃቸው ሰው በሌለበት ተራ ተቀምጠው ሲመሽ ይመለሳሉ። ልብሱስ ለምን አልኳቸው። ልብሱን የለበሰ ሰው ሲያዩት ሰርቪስ የሚጠብቅ ይመስላቸዋል፣ የሚሄድበት ያለው ሰው ይመስላል አሉኝ። ደህና አደሩ እየተባባልን፣ ግድግዳ ለግድግዳ እየኖርን፣ ይህን አለማወቄ አሳፈረኝ።

ልጅዎስ? አልኳቸው። አንዲት ልጅ አላቸው፣ ናዝራዊት። ከባሏ ጋር ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፤ ከሱሉልታ የከተማው ሌላ ጫፍ። እሑድ እሑድ ትደውላለች፣ አባዬ ና ትላቸዋለች፤ እሳቸው ተረኛ ነኝ ይሏታል። የአማች ቤት በየሦስት ቀኑ አይኬድም፣ ሸክም መሆን ነው ብለው ያምናሉ። እንዲህ ያለውን ኩራት አባቶቻችን አውርሰውናል፤ ክብርን ይጠብቃል ይባላል፣ እኔ ግን ሲጠብቅ ያየሁት ባዶ ቤት ነው።

እንግዲህ ነገሬን ታውቃላችሁ፣ መምከር ጀመርኩ። ለሦስተኛው ቀን ሁለተኛ ሥራ ይፈልጉ አልኳቸው። አቶ ስምዖን ራሳቸውን ነቀነቁ። አንደኛ፣ ደመወዝ እየበሉ ሌላ ዘንድ መሥራት በሁለት ቢላ መብላት ነው አሉ። ሁለተኛ፣ ሰዉ ናዝራዊትን ያማታል፣ አባቷን በስተርጅና ሁለት ሥራ አሠራችው ይባላል። ሦስተኛው ከሁሉ የባሰው ነበር። ለካ አንድ ጊዜ ሰበታ ውስጥ ዳቦ ቤት ገብተው ሥራ ጠይቀው ያውቃሉ። ባለቤቱ በየትኛው ቀን ነው የሚመችዎት ሲላቸው፣ በዚህ ሳምንት ሰኞ፣ ሐሙስና እሑድ፣ በሚቀጥለው ረቡዕና ቅዳሜ፣ ከዚያ ማክሰኞና ዓርብ ብለው ሲቆጥሩለት ሳቀባቸው። ከዚያ ወዲህ የትም ገብተው አልጠየቁም።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መልስ ነበረኝ። ሦስተኛውን እያሰላሁ አብሬያቸው ተነሳሁ። ታክሲ ቀያይረን እስከ ሱሉልታ ድረስ መጣን።

ሱሉልታ ስንወርድ ጂቱን አገኘናት። ጂቱ ተማሪዬ ነበረች፤ ጥሩ ሯጭ ነበረች፣ እግሯ ተጎዳና ስፖርት ሳይንስ ተማረች፣ አሁን የሯጮች ቡድን ረዳት አሠልጣኝ ናት። እኔን ባየች ቁጥር የምታነሳው አንድ ጉዳይ አላት፤ ሯጮቿ ውጭ አገር ለውድድር ሲሄዱ የማያነቡትን ውል ይፈርማሉና፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት የውሉን ቃልና የገንዘቡን ስሌት እንዳስተምርላት ትለምነኛለች። እኔም ሁልጊዜ ሥራ አለኝ እላታለሁ። እውነቴን ነው፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ የአንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት እሠራለሁ።

አቶ ስምዖንን በኦሮምኛ ሰላም ካለቻቸው በኋላ ወደ እኔ ዞራ የዕለቱን ብሶቷን ነገረችኝ። ልጆቹ ሲሮጡ ቦርሳቸውንና ስልካቸውን የሚጠብቅላቸው ሰው ሥራውን ትቶ ሄዷል። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት እስከ አራት ሰዓት፣ በየቀኑ የሚመጣ ታማኝ ሰው ትፈልጋለች። እኔ አቶ ስምዖንን አየሁ። አቶ ስምዖን መንገዱን አዩ።

"በየቀኑ አለች እኮ" አሉኝ ቀስ ብለው። "የእኔ ቀን ይዞራል።"

ጂቱ ሰማቻቸው። "ኦቦ ስምዖን፣ በሩን ከማን ጋር ነው የሚፈራረቁት?"

"ከመኮንንና ከአብዱረዛቅ ጋር።"

"እርስዎ ሥራ ላይ ሲሆኑ እነሱ ምን ላይ ናቸው?"

"አንዱ ይተኛል። አንዱ . . ." ብለው አቆሙ። "አንዱ እንደ እኔ ነው።"

"እንግዲያው በየቀኑ ከሦስታችሁ አንዱ ሥራ ፈት ነው። እኔ በየቀኑ አንድ ሰው ይኑር እንጂ ያው ሰው ይሁን አላልኩም። ለሦስት ያዙልኝ።"

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ይህ አልታየኝም። አቶ ስምዖን ግን ቶሎ የሚረቱ ሰው አይደሉም።

"አደራ ለሦስት አይከፈልም፣ ልጄ" አሏት። "ዕቃ የጠፋ እንደሆነ አንዱ በአንዱ ያላክካል።"

"የመጋዘኑን በር ለሦስት ስትጠብቁ ስንት ዓመታችሁ ነው?"

"ዘጠኝ።"

"ምን ጠፋ?"

"ምንም አልጠፋም" አሉ፣ ኮራ ብለው። "በመዝገብ ነዋ የምንረካከበው።"

"ቦርሳውንም በመዝገብ ትረካከቡታላችሁ።"

ብረቱ ሳይቀዘቅዝ እኔም ገባሁበት። በሁለት ቢላ መብላት የሚባለው የአንዱን ሰዓት ሰርቆ ለሌላው መስጠት ነው፤ የራስን ቀን መሥራት ስርቆት አይደለም አልኳቸው። ደግሞም በድብቅ አይሁን፤ ለአለቃዎ ይንገሩ፣ ፈቃዱን በጽሑፍ ይቀበሉ። የሚተኙበትን ሁለተኛውን ቀን ግን እንዳይነኩት፤ እሱን የነኩ ዕለት በር ላይ ያንቀላፋሉ፣ ያን ጊዜ እውነትም ሌባ ሆኑ። ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ ያቺኑ ሁለተኛዋን ነገር አነሱ።

"ናዝራዊትን ያሙብኛል።"

"ሰውማ ምን ጊዜም ያማል። ናዝራዊት ራሷ ምን ትላለች? ጠይቀዋት ያውቃሉ?"

"አላውቅም" አሉ።

ጂቱን ተሰናብተን ሰፈር ስንደርስ ቤታቸው ገቡ። በግድግዳው በኩል ያን ዕለት አንድም ድምፅ አልሰማሁም።

በሳምንቱ ግን ለአለቃቸው ተናገሩ። አለቃውም ነቅታችሁ እስከመጣችሁ ድረስ ምን አገባኝ ብሎ ፈረመላቸው። መኮንን ወዲያው እሺ አለ። አብዱረዛቅ ዓርብ ዓርብ ጁምዓ አለብኝ ብሎ ነበር፤ ሥራው በአራት ሰዓት እንደሚያልቅ ሲነግሩት እሱም ገባ።

አንድ እሑድ የአቶ ስምዖን ሦስተኛ ቀን ሆነና ላያቸው ሜዳው ድረስ ሄድኩ። ብርድ ነበር። የደንብ ልብሱን ትተው ቡኒ ኮት ለብሰዋል፤ ያን ኮት ብዙነሽ ከሞተች ወዲህ አይቼው አላውቅም። ቦርሳዎቹን በመስመር ደርድረው፣ ደብተራቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሯጮቹ ዙሩን ጨርሰው ባለፉ ቁጥር በስማቸው ይጠሯቸዋል። ስልካቸው ጮኸ። ጆሯቸው ትንሽ ስለሚከብዳቸው ድምፁን ከፍተው ነው የሚያወሩት።

"አባዬ፣ ዛሬም ተረኛ ነህ አይደል?" አለች ናዝራዊት።

አቶ ስምዖን እኔን አዩኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ።

"አይደለሁም" አሉ። "እሑድ እሑድ ስትደውዪ ብዙውን ጊዜ ተረኛ አልነበርኩም። እረፍት አለኝ፣ በየሦስት ቀኑ። የዋሸሁሽ ሸክም እንዳልሆንብሽ ብዬ ነው። አሁን ሥራ ይዣለሁ፣ የሯጮች ዕቃ እጠብቃለሁ። ሰው ምን እንደሚልሽ እንጃ።"

ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር።

"እኔ እኮ አባዬ" አለች፣ ድምፅዋ ተሰባብሮ፣ "ደክሞህ ተኝተህ እንዳልረብሽህ ብዬ ነው የማልመጣው። ሁለት ዓመት ሙሉ።"

አቶ ስምዖን ፊታቸውን ወደ እንጦጦ አዞሩ። እኔ የተቆጠረውን ቦርሳ እንደገና መቁጠር ጀመርኩ። ለካ አባትና ልጅ ሁለት ዓመት ሙሉ የተራራቁት እየተዛዘኑ ነው። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ከነባሏ መጣች፤ በግድግዳው በኩል ሳቅ ሰማሁ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ የሁለተኛ ሥራ ጥቅሙ ገቢው ብቻ መስሎህ እንደሆነ ተሳስተሃል። መጀመሪያ ሰዓትህን እወቅ፤ የምትሠራበትን፣ የምትተኛበትንና የሚተርፍህን ለይ። ብቻህን የማይሞላ ቦታ ካጋጠመህ ከባልደረባህ ጋር ሙላው። ለአለቃህ አትደብቅ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ለምትወደው ሰው ተረኛ ነኝ አትበል፤ ያምንሃል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ይለኝ ነበር፣ መካሪ ሆኜ እቀር ነበርና። ያን ጠዋት ግን ስልኩን ዘግተው፣ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠርገው ሲያበቁ አቶ ስምዖን ወደ እኔ ዞሩ።

"ወይዘሮ የሺወርቅ፣ እርስዎስ ከሰዓት ምን ይሠራሉ?"

ሥራ አለኝ ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ በሬን ዘግቼ፣ ድምፅ እንዲኖር ብቻ ቴሌቪዥን ከፍቼ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው የምቀመጥባቸው ከሰዓቶች ትዝ አሉኝ። እሳቸው ልብሱን ለብሰው ቡራዩና ሰበታ ይሄዱ ነበር፤ እኔ ሥራ አለኝ የምትለዋን ቃል ለብሼ እዚያው ቤቴ ነበርኩ። እንባዬ መጣ፣ በብርዱ አሳበብኩ።

ጂቱን ጠራኋት። ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ እችላለሁ አልኳት። ቲቸር ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

"መጀመሪያ ለአለቃዎ ይንገሩ እንጂ" አሉ አቶ ስምዖን፣ ደብተራቸው ላይ እንዳቀረቀሩ።

ሰኞ ጠዋት ነገርኩ።