ቤንዚን የሌለው ሞተር

እኔን ሊያሳስረኝ የነበረው አንድ የውሃ መሳቢያ ሞተር ነው። በደርግ ጊዜ፣ ምህንድስና የተማርኩት ሰውዬ ከፋብሪካ ተባርሬ ጉለሌ ውስጥ የቀበሌ መጋዘን ጠባቂ ሆኜ ነበር። ሁለት ዓመት መጋዘን የተቀመጠውን ሞተር ሊቀመንበራችን ችግኝ ለማጠጣት ወንዝ ዳር አስወጣው። ሰርባቶዮውን፣ የነዳጅ ጋኑን፣ ከፍቶ ቢያይ ጠብታ ቤንዚን የለም። ቤንዚኑን በእሳት የሚለኩሰው ካንዴላም ተፈቷል፤ ጣቱን በቀዳዳው ቢሰድ በዘይት ተነክሮ ወጣ። "ቤንዚኑን ማነው ያፈሰሰው?" አለ። "እኔ ነኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆንና ካርቡራተሩን ይደፍነዋል። ዘይቱም የጨመርኩት ውስጡ እንዳይዝግ ነው።" "ይሄማ አሻጥር ነው! ወይ አሁን ታስነሳዋለህ፣ ወይ ትታሰራለህ" ብሎ ሁለት የአብዮት ጥበቃ አባላት አጠገቤ አቆመ።

በጨርቅ ጠቅልዬ ያኖርኩትን ካንዴላ አሰርኩ፣ አዲስ ቤንዚን ሞላሁ፣ ገመዱን ሳብኩ። ዝም። ደግሜ ስስብ አንዴ ሳል አለና የዘይቱ ነጭ ጭስ ሁላችንንም አለበሰን። "አቃጠለው!" አለች አንዷ ችግኝ ተካይ። ጠባቂዎቹ ክንዴን ሊይዙ ሲሉ ለሦስተኛ ጊዜ ሳብኩት። ተነሳ! ጭሱ እየጠራ፣ ድምፁ እየተስተካከለ ሄደ፤ ቱቦው ውሃውን ተፋና የሊቀመንበሩን ካኪ ከላይ እስከ ታች አራሰው። ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ።

ሊቀመንበሩ ፊቱን እየጠረገ፣ "ታዲያ ቤንዚኑን ስታፈስ ምነው አላስረዳህም?" ሲል ጮኸብኝ።

"ከፋብሪካ በአሻጥር ተከስሼ ስባረር ሦስት ቀን ሙሉ አስረድቻለሁ፣ ጓድ" አልኩት። "ያኔ ግን የሚመሰክርልኝ ሞተር አልነበረም።"