ከጆሮዋ ጀርባ

(በፈረሰው በርበሬ ተራ ቦታ ላይ በተሠራው አዲስ አደባባይ፣ በሸራ በተጋረደ የበርበሬ ሻጭ ሴት የድንጋይ ሐውልት ሥር፤ የከተማዋ ባህል ቢሮ ኃላፊ ትርሲት፣ የቀድሞ የቅርጻ ቅርጽ መምህሯን ጡረተኛውን ጋሽ ምትኩን ከቤታቸው ለምና አምጥታቸዋለች።)

ጋሽ ምትኩ፦ አልነካትም አልኩሽ! እንኳን ፊቷን ጥፍሯን አልነካም። የሠራትን ሰው ጥሪው።

ትርሲት፦ ዳምጠው እኮ ስልኩን ዘግቷል ጋሼ። ርክክቡ ካለቀ ወዲህ ያየው የለም።

ጋሽ ምትኩ፦ ብልህ ልጅ! እኔም ይቺን ሠርቼ ቢሆን ስልክ አልዘጋም ነበር፤ አገር ነበር የምለቀው።

ትርሲት፦ ይሳቁብኝ፣ መብትዎ ነው። ትናንት ንፋሱ ሸራውን ገልጦት የታክሲ ረዳቶቹ አይተዋት ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ሻሽ ያሰረ ዘበኛ!» እሑድ ምረቃ ነው። ከንቲባው ይመጣሉ፣ ቴሌቪዥን ይመጣል። ፊቷን ብቻ ጋሼ፤ አገጯን ትንሽ ቀነስ፣ ዓይኗን ትንሽ ከፈት…

ጋሽ ምትኩ፦ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ። ለመሆኑ ስንት ሆናችሁ ነው የመረጣችኋት?

ትርሲት፦ ሰባት። ከፋይናንስ፣ ከመንገዶች፣ ከወጣቶች፣ ከነጋዴዎች፣ ከአገር ሽማግሌዎች፣ ከከንቲባው ጽሕፈት ቤት…

ጋሽ ምትኩ፦ ስለ ቅርጽ የሚያውቅስ?

ትርሲት፦ እኔ አለሁ አይደል እንዴ?

ጋሽ ምትኩ፦ እሱን አሁን እናያለን። በምን መዘናችሁ?

ትርሲት፦ መስፈርት አለው። ጥንካሬ፣ ወጪ፣ ባህል፣ ገጽታ ግንባታ…

ጋሽ ምትኩ፦ ገጽታ ግንባታ! ፊት የሌላት ሴት አቁማችሁ ገጽታ ገነባችሁ። ብሩስ ከማን ኪስ ወጣ?

ትርሲት፦ ሠራተኛው ከደመወዙ፣ ነጋዴው ፈቃድ ሲያድስ አዋጣ። በርበሬ ሻጮቹም ሳይቀሩ አዋጥተዋል።

ጋሽ ምትኩ፦ የትኞቹ በርበሬ ሻጮች? ከዚህ አፍርሳችሁ ከከተማ ውጭ የጣላችኋቸው?

ትርሲት፦ ተለዋጭ ቦታ ነው የተሰጣቸው።

ጋሽ ምትኩ፦ ለራሳቸው ሐውልት ራሳቸው አዋጡ በይኛ! ለቅሶ ቤት እንኳ ሟችን አዋጣ አይልም።

ትርሲት፦ እኔ ነኝ ያፈረስኩት? እኔማ በስማቸው አንድ ነገር ይቁም ብዬ የጮህኩ ነኝ። እዚህ ቦታ ፏፏቴ ነበር የታሰበው ጋሼ፤ ቀለም የሚቀያይር መብራት ያለው ፏፏቴ! ስንት ስብሰባ ተጨቃጭቄ እንዳስቀየርኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ይቺ ሴት መሳቂያ ከሆነች «አላልንሽም?» ብለው ነው የሚያፈርሷት። ያኔ ፏፏቴው ይመጣል።

ጋሽ ምትኩ፦ … በይ መሰላሉን ያዢልኝ። ልያት እንጂ እሠራታለሁ አላልኩም።

ትርሲት፦ ዓይንዎስ?

ጋሽ ምትኩ፦ ዓይኔንማ ሞራ ጋርዶታል፤ በእጄ ነው የማየው። ጠበቅ አድርጊው። … ይሄ አፍንጫ ነው?

ትርሲት፦ አፍንጫ ነው።

ጋሽ ምትኩ፦ ካልሽ እሺ። ግንባሯ ምንም አይልም። አገጯ የወንድ ነው፤ ልጆቹ አልተሳሳቱም። ጆሮዋ… ከጆሮዋ ጀርባ… ትርሲት!

ትርሲት፦ አቤት ጋሼ።

ጋሽ ምትኩ፦ ይሄ ምንድን ነው?

ትርሲት፦ ይውረዱ፣ እንዳይወድቁብኝ።

ጋሽ ምትኩ፦ የግራ አውራ ጣት አሻራ ነው፣ ዘመም ያለ። ይሄ የኔ ነው እኮ! ዕድሜዬን ሙሉ ሸክላ ሠርቼ ስጨርስ ከጆሮ ጀርባ የማሳርፈው ጣት ነው። ይሄኛው ግን አርፎ የወጣ አይደለም፤ በመሮ የተፈለፈለ ነው። ማን ነው ጣቴን የሰረቀኝ?

ትርሲት፦ ዳምጠውም የእርስዎ ተማሪ ነበር። ሲያሳርፉ አይቷል።

ጋሽ ምትኩ፦ ይየዋ! ግን ማን እንዲያይለት አስቀመጠው? በዚህ ከተማ ሐውልት ሲያይ ከጆሮ ጀርባ የሚሄድ ሰው ከኔና ካንቺ በቀር ማን አለ?

ትርሲት፦ ለውድድሩ የሸክላ ሞዴሎቹ ያለ ስም ነው የቀረቡት፣ በቁጥር ብቻ።

ጋሽ ምትኩ፦ አውቃለሁ። የኔን ታቅፌ ያስገባሁት እኔው ነኝ።

ትርሲት፦ ሦስት ለሦስት ሆንን። የኔ ድምፅ ብቻ ቀረ። ጠረጴዛውን ስዞር አራት ቁጥር ላይ፣ ከጆሮዋ ጀርባ፣ ጣትዎን አየሁት። ከትምህርት ቤት ሊያባርሩኝ ሲሉ «እሷ ከወጣች እኔም እወጣለሁ» ያሉልኝ መምህሬ! እጄን ያወጣሁት እርስዎ ነዎት ብዬ ነው።

ጋሽ ምትኩ፦ ቆንጆ ነበረች?

ትርሲት፦ ማን?

ጋሽ ምትኩ፦ አራት ቁጥር። ጣቱን ከማየትሽ በፊት ምን አልሽ?

ትርሲት፦ … አስጠላችኝ። ጣቱን ሳይ ግን፣ ጋሼ አርጅተዋል፣ እጃቸው ደክሟል አልኩ። የመጨረሻቸው ይሆናል፣ ይቅናቸው አልኩ።

ጋሽ ምትኩ፦ አዘንሽልኝ በይኛ። ከሷ ጋር እኩል የሆነችዋስ?

ትርሲት፦ ሁለት ቁጥር። ቁጭ ብላ መቀነቷን የምትፈታዋ። የፋይናንሱ ሰው «የተቀመጠች ሴት ልማት አታሳይም» ብሎ ሲከራከር ልመልስለት አፌን ከፍቼ ነበር። ተውኩት። ለእርስዎ ብዬ ተውኩት! ፖስታው ተከፍቶ ስም ሲነበብ ግን አራት ቁጥር የዳምጠው ሆኖ ተገኘ።

ጋሽ ምትኩ፦ እትዬ ዘነበች ናት።

ትርሲት፦ ማን?

ጋሽ ምትኩ፦ ሁለት ቁጥር። እህቴ ናት። እዚችው ቦታ በርበሬ ሸጣ ነው ያስተማረችኝ። የቀለም መግዣ ስጠይቃት፣ እያስነጠሳት፣ እየሳቀች፣ እንዲህ ጎንበስ ብላ ነው መቀነቷን የምትፈታው። ዓይኔ ፈጽሞ ሳይጠፋ አንድ ጊዜ ልሥራት ብዬ ነበር። ሠራኋትም። ከእንግዲህ ሌላ አልሠራም።

ትርሲት፦ የእርስዎም ጥፋት ነው! ዕድሜዎን ሙሉ ሲያሳርፉት የኖሩትን ምልክት በሷ ላይ ለምን አላሳረፉትም? አሳርፈውት ቢሆን ኖሮ…

ጋሽ ምትኩ፦ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! «ማንነትን የሚገልጽ ምልክት ያለበት ሥራ ይሰረዛል» ብሎ የጻፈው ማን ነው?

ትርሲት፦ እኔ።

ጋሽ ምትኩ፦ ማስታወቂያውን ሲያነቡልኝ ኮራሁ። ተማሪዬ ያወጣችው ሕግ ነው ብዬ ጣቴን በውሃ አብሼ አጠፋሁት። የገዛ ልጄን ስም የምፍቅ ያህል ነው የተሰማኝ። ግን ሕግ ነው አልኩ።

ትርሲት፦ ይቅር ይበሉኝ ጋሼ።

ጋሽ ምትኩ፦ የት ናት አሁን?

ትርሲት፦ ያላሸነፉት አይመለሱም… ግቢ ውስጥ ነበር የተቀመጡት።

ጋሽ ምትኩ፦ ውጭ? በክረምት? እሳት ያልነካው ሸክላ!

ትርሲት፦ ዝናቡ ካፈረሳቸው በኋላ ዘበኛው በጭቃው አበባ ተከለበት።

ጋሽ ምትኩ፦ ምን አበባ?

ትርሲት፦ ጽጌረዳ።

ጋሽ ምትኩ፦ ይጽደቅለት። እሱ እንኳ የምትሆንበትን ቦታ አገኘላት።

ትርሲት፦ እናገራለሁ! ከእሑድ በፊት ለከንቲባው እነግራቸዋለሁ። ምልክት ያለበት ሥራ ይሰረዛል ይል የለም ሕጉ? ያ ጣት ማስረጃ ነው።

ጋሽ ምትኩ፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ምን ብለሽ ነው የምትነግሪያቸው? ለመምህሬ ላዳላ ስል ለሌባ አዳላሁ ብለሽ? በይ ንገሪያቸዋ። ስልክሽን አውጪ፣ እኔም ልስማ።

ትርሲት፦ ልጆች አሉኝ ጋሼ። እንጀራዬ ነው።

ጋሽ ምትኩ፦ አውቃለሁ የኔ ልጅ። መሮና መዶሻውን አቀብዪኝ።

ትርሲት፦ ሊሠሩልኝ ነው? እግዜር ይስጥልኝ! ስምዎን ሰሌዳው ላይ አስጽፈዋለሁ፤ በትልቁ፣ ከከንቲባው ስም ቀጥሎ…

ጋሽ ምትኩ፦ ጆሮዋን ብቻ ነው። ጣቴን ከዚህ ላይ ላንሳ።

ትርሲት፦ ማስረጃው እኮ ይጠፋል… ይሁን፣ ይጥፋ። ፊቷስ ጋሼ? እሑድ ሕዝቡ የሚያየው ፊቷን ነው!

ጋሽ ምትኩ፦ ይየዋ። ለእኔ ብለሽ የመረጥሽው ፊት ነው።