የቁልቁለት ወግ

ልጄ አበባ ጎንደር ላይ አስተማሪ ከሆነች ወዲህ በቅሎዬን ጠምዳ ያዘቻት። «እማየ፣ ሽጪያት፤ ዘመኑ የማኪና ነው» ትለኛለች። ነግጄ የገዛኋት በቅሎ ናት፤ «እሽ፣ መጀመሪያ የማኪናሽን ጠባይ ልየው» አልኋት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ዛሪማ ያለችውን እህቴን ልንጠይቅ በጭነት ማኪና ተሳፈርን። መንገዱን ሙሉ ስለ በቅሎዋ ስንከራከር ሾፌሩ ይሰማል።

ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ስንደርስ «አውርደኝ» አልሁት።

«ምነው እማማ?»

«ቁልቁለት ላይ ተቀምጦ መውረድ ነውር ነው። የተሸካሚው ጀርባ ይገጠባል።»

«ማኪና ምን ጀርባ አለው ብለው ነው?» ብሎ ሳቀ።

እኔ ግን ወረድሁ። አበባ በሀፍረት ነጠላዋን ተከናነበች፤ እናቷን ጥላ መሄድ ግን አልሆነላትም፤ ጫማዋን አውልቃ ተከተለችኝ። በአቋራጩ ወርደን ታች ዛፍ ጥላ ስር ዳቦ ቆሎ ስንቆረጥም፣ ማኪናው በየጠመዝማዛው እየቆመ፣ ፍሬኑ እየጨሰ ደረሰ። ሾፌሩ እኛን አየ፣ ጎማውን አየና «እማማ፣ በቅሎዋን እንዳይሸጧት» አለ።

አበባ እግሯን እያሸች «እሽ፣ ትኑር። ስንመለስ ግን ዳገቱን በማኪና ነው» አለችኝ።

ወዲያው ተስማማሁ። ለበቅሎዬም ቢሆን ዳገት ላይ ወርጄላት አላውቅም።