ተቀባይ ያጣው ድምፅ

መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ከአማኑኤል ከተማ በሚኒባስ ደብረ ማርቆስ የገቡት የሟች እህታቸውን የሕክምና ካርድ ለአንድ የግል ክሊኒክ መልሰው፣ በዚያውም የልባቸውን ሊናገሩ ነበር። እመት የብርጓል የልብ ሕመምተኛ ነበሩ። ክሊኒኩ «መድኃኒትዎ ሊያልቅ ሲል ቀጠሮዎን በስልክ እናስታውስዎታለን» ብሏቸው፣ እሳቸውም አምነው ስልኩን ከመቀነታቸው ሳይለዩ ሲጠብቁ መልእክቱ ሳይመጣ ቀረ። የተቀበሩት በዕንቁጣጣሽ ማግስት ነው። ያ ስልክ ዛሬ ለማስረጃ ተብሎ መሪጌታ ኪስ ውስጥ አለ።

የክሊኒኩ ኮሪደር ጥግ አንዲት ልጅ ኮምፒውተር ታቅፋ ተቀምጣለች። ከማሽኑ የሚወጣው እንደ ዋሽንት ያለ ድምፅ የመሪጌታን ደም አፈላው።

«ምነው ልጄ፣ በሽተኛ በሚያቃስትበት ቤት ሙዚቃ ትከፍቻለሽ?»

ልጅቱ ብድግ አለች። ሕሊና ትባላለች፤ ባለፈው ዓመት መስከረም ሥራ የጀመረውን የመልእክት ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት።

«ሙዚቃ አይደለም የኔታ። ፕሮግራሜ ውስጥ ስህተት እየፈለግኩ ነው። አንዲት እናት ቀጠሯቸው ሳይነገራቸው አርፈዋል።»

መሪጌታ ካርዱን ፊቷ አስቀመጡ። «እህቴ ናት።»

ሕሊና ስሙን አነበበች። «ይቅር ይበሉኝ ለማለት እንኳ አፍ የለኝም» አለች ቀስ ብላ።

«ስህተት በዓይን ይነበባል እንጂ በዋሽንት ይፈለጋል? በሞተች እህቴ ትቀልጃለሽ?»

«ሦስት ቀን ሙሉ አነበብኩት የኔታ። አራት ሺህ መስመር ነው፤ ማሽኑም ደህና ነኝ ይላል። ዓይኔ የሚያሳየኝ የጻፍኩትን ሳይሆን ልጽፍ ያሰብኩትን ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሥራውን በድምፅ እንዲናገር አደረግኩት። ቀጠሮ ሲያገኝ በወፍራም ድምፅ ይጠራል፤ መልእክቱን ሲልክ በቀጭን ይመልሳል። የዓመቱን ሥራ እንዲህ እያለ ያሰማል። ሁለት ጊዜ ሰማሁት። የሆነ ቦታ ይጎድለኛል፣ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ጆሮዬ አይዝልኝም።»

መሪጌታ በዚያ ንዴታቸው ተነሥተው ቢሄዱ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። ነገር ግን አርባ ዓመት ድጓ ያስተማሩ ሰው ናቸው። ሃያ ተማሪ አንድ ላይ ሲያዜም ዓይናቸውን ጨፍነው የሳተውን በስሙ የሚጠሩ ናቸው። እልሁ ባይለቃቸውም ነገሩ ገብቷቸዋል።

«መሪና ተቀባይ ነው በይኛ። እስቲ አሰሚኝ።»

ወፍራሙ ጠራ፤ ቀጭኑ ተቀበለ። ደጋግሞ ጠራ፤ ደጋግሞ ተቀበለ። ከብዙ ጊዜ በኋላ መሪጌታ ወለሉን በመቋሚያቸው መቱት።

«አቁሚ! መሪው ዐሥራ አንድ ጊዜ ጠራ። አንድም የተቀበለው የለም።»

ሕሊና ስክሪኑን አይታ ዐመድ መሰለች። «ጳጉሜን ነው። ወሮቹን ዐሥራ ሁለት ብዬ ነው የጻፍኳቸው።»

«ጎጃም ተወልደሽ፣ በጳጉሜን ዝናብ ስትጠመቂ አድገሽ፣ ዐሥራ ሦስተኛዋን ወር ረሳሻት?»

«ከፈረንጅ መጽሐፍ ነው የተማርኩት» አለች እንባዋ እየወረደ። «ፕሮግራሙን ስንት ሰው አነበበው፤ ስህተቱን ማንም አላየውም።»

ከዐሥራ አንዱ ስሞች ሦስተኛው የእመት የብርጓል ነው። መሪጌታ አተኩረው አዩትና «የቀሩት ዐሥሩስ?» አሉ።

ሕሊና ስልክ መደወል ጀመረች። ዘጠኙ አነሡ፤ መድኃኒታቸው ካለቀ ሳምንት አልፏቸዋል፤ ዛሬውኑ ኑ ተባሉ። የአቶ ሙላት ስልክ ግን ብዙ ጠራ። ያነሣችው ሴት «ዛሬ ሠልስታቸው ነው» ብላ ዘጋችው።

መሪጌታ ወደ ሕሊና ዞሩ።

«ስሚ ልጄ፣ ተሳስቻለሁ። ዓይን የለመደውን ይዘላል፤ ጆሮ የጎደለውን ይይዛል። ፕሮግራሙ ሥራ ሳይጀምር የዓመት ቀጠሮ ለሙከራ ሰጥተሽ ድምፁን ብትሰሚው ኖሮ ሁለቱም ዛሬ በሕይወት ነበሩ። ከእንግዲህ ሰው እጅ ሳይደርስ በፊት አዳምጪው። ጓደኞችሽንም አስተምሪ፤ ጆሯቸው እምቢ ካለ እኔ ዘንድ ላኪያቸው፣ አሠለጥናቸዋለሁ። አሁን አርሚውና ድጋሚ እንስማው።»

ሕሊና ዐሥራ ሁለቱን ዐሥራ ሦስት አደረገች። ፕሮግራሙ ያስቀረውን ሁሉ መላክ ጀመረ። ወፍራሙ ጠራ፤ ቀጭኑ ተቀበለ። ሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው መሪጌታ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ጮኸ። አውጥተው ለሕሊና ሰጧት፤ እሷም አነበበችላቸው።

«ወይዘሮ የብርጓል፣ ቀጠሮዎ ጳጉሜን ፫ ነው። እባክዎ እንዳይቀሩ።»